ገምጋሚዎቹ ሐራ ይምጡ

ጥር 5፣ ሐራ፣ ሰሜን ወሎ

ለጥምቀት ስመጣ ከልብሴ ጋር አንድ ረቂቅ ይዣለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር የጀመርነው ነው። የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም ሁለት ዓመት በጄኔራል ፔዲያትሪክስ ምርምርና ማስተማር የሚሠለጥንበት ፌሎሺፕ ቢከፈት፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና የሚያገኘው ምን ሲያሟላ ነው? የመስፈርቱ ክፍል ለእኔ ደርሶኛል።

በአገራችን አንድ ሐኪም የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ ጥቂት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቶ፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ሬዚደንት ሆኖ የሕፃናት ስፔሻሊስት ይሆናል። ከዚህ በላይ ልማር ያለ ጨቅላ ሕፃናትን፣ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭን፣ ወይም የደምና የካንሰር ሕመምን ይመርጣል። እነዚህ ፌሎሺፖች እንዲከፈቱ የደከሙ መምህራንን ከልቤ አከብራለሁ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ሲጠብቁ ያለፉብኝ ልጆች አሉ። ነገር ግን ሳልን፣ ተቅማጥን፣ የምግብ እጥረትን፣ ክትባትን፣ የዕድገት መዘግየትን፣ ከቤት እስከ ጤና ኬላና ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድ አንድ ላይ ይዞ ለሚመረምር ሐኪም፣ እኔ በማውቃቸው የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ የሚወጣበት ደረጃ አልተሠራለትም። ሥራው ሞልቷል። ሥራውን የሚያጠና ሰው ነው ያጣነው።

ረቂቁ አሁን እንዳለ ስለ አልጋ ብዛት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ላቦራቶሪና ስለ መምህራን የትምህርት ደረጃ ይዘረዝራል። ማታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐራ ተቀምጦ ላነበበው ሰው የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ዛሬ ልይዘው አልቻልኩም።

ጥር 6

ቀኑ ሞቃት ነው። ደጋው ላይ ብርድ ሲጠብስ እዚህ ቆላው ከረፋዱ ጀምሮ ጥላ ያስፈልጋል።

ሐራን ያላየ ሰው ስሟን የሚሰማው በባቡር ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የታመመ ሕፃን ግን ዛሬም የሚጓዘው በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ አለዚያም በእናቱ ጀርባ ነው። ትኩሳቱ ከጀመረበት ሰዓት እስከ መጀመሪያው መድኃኒት ስንት ሰዓት ያልፋል? ሰዓቱስ የሚባክነው የት ነው? ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ወይስ ካርድ ክፍል? ይህ አንድ ሙሉ የፌሎሺፕ ጥናት ይወጣዋል።

ጥር 7

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። የገበያ ቀን ስለሆነ ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ክፍሉን የያዘችው ነርስ ወጣት ናት። የአይ ኤም ኤን ሲ አይ (የሕፃናትን ሕመም አዋሕዶ የማከም) መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ ስልኳን ከጎን አስቀምጣ፣ የእያንዳንዱን ሕፃን እስትንፋስ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ሙሉ ደቂቃ! በትልልቅ ሆስፒታሎች እንኳ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት የሚያባዛ፣ ወይም በዓይኑ ገምቶ የሚጽፍ አለ። እሷ ደጅ ላይ ያን ሁሉ ሰው አስቀምጣ ትቆጥራለች።

ረፋዱ ላይ አንዲት አያት ልጅ አዝለው ገቡ። ልጁ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ሦስት ቀን አስሎታል፣ ያተኩሰዋል። ነርሷ ቆጠረች፤ 56 ሆነ። ዓመት ለሞላው ሕፃን 40 ከደረሰ ፈጣን ይባላል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይጠባል፤ አያስመልሰውም፤ አላንቀጠቀጠውም፤ ነቅቶ ያያል። ጣቱ ላይ ያሰረችለት መለኪያ ኦክስጅኑ ደኅና መሆኑን አሳየ። ሳምባ ምች ብላ መደበችው፤ አሞክሲሲሊኑን በክብደቱ አሰላች፤ ምን ምልክት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘውት መምጣት እንዳለባቸው ለአያትየው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም መልሰው እንዲነግሯት አደረገች። ሰንጠረዡ ያዘዘውን አንዱንም አላጎደለችም።

ልጁን ልየው ብዬ ተቀበልኩ። የእጆቹ አንጓዎች ሰፍተዋል። የጎድን አጥንቶቹ መጋጠሚያ ለጣት ጎላ ጎላ ይላል። ግንባሩ ወደ ፊት ወጣ ብሏል። መቆም አልጀመረም።

"እማማ፣ ልጁ ፀሐይ ይሞቃል?" አልኳቸው።

"ኧረ ምን ሲደረግ! ምች ቢመታውስ? የሰው ዓይንስ? ካወጣሁትም አሸፋፍኜ ነው።"

"የሐራ ፀሐይ እኮ ለአጥንቱ ይበጀው ነበር።"

"እሷኑ ፀሐይ ነው የምፈራት፣ ልጄ።"

ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ጧት ጧት፣ ሳይከር፣ ልብሱን አውልቀው ጥቂት ጥቂት እንዲያሞቁት። አዳመጡኝ፤ ከዚያ የተጨነቅሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ ትከሻዬን ነክተው "አብሽሪ፣ አወጣዋለሁ" አሉኝ። ሚኒባስ የሚነዳው የልጁ አጎት ከወልድያ መድኃኒት ቤት እንዲያመጣላቸው ነርሷ ቫይታሚን ዲውን ጻፈችላቸው። ከሄዱ በኋላ ወደ መጽሐፏ ተመለሰችና "ዶክተር፣ አንጓውን ዳብሺ የሚል እኮ እዚህ የለም" አለችኝ። በተከፈተው ገጽ ላይ ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ጆሮ ነበሩ። እውነቷን ነው።

የዚህ ዓይነት ልጅ ባየሁ ቁጥር የፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ አነሣለሁ። አዲስ አበባ በኢትዮ–ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሳምባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት፣ ሳምባ ምች ከሌላቸው ሌሎች 500 ጋር አነጻጸሩ። ከታማሚዎቹ 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መላላት፣ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20 ብቻ። ሌሎች የተመዘኑ ምክንያቶች ከተሰሉ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳምባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት አወጣው። ምክንያቱ ለማንም የሕፃናት ሐኪም ግልጽ ነው፤ የላላ የጎድን አጥንት ደረቱን አጥብቆ አይሸከምም፣ የደከመ ጡንቻ አክታውን አያስወጣም፣ ሳምባው በየጥጉ ይዘጋል።

ሌሊት ስገላበጥ ያሰብኩት ጥናቱ የማን ነው የሚለውን ነው። የሳምባ ሐኪሙ ስለ ሳምባው ይጠይቃል፤ የአጥንት ሐኪሙ ስለ እግሩ መጣመም ይጠይቃል። አያትየው ፀሐይን ለምን ፈሩ፣ አጥንቱ ለምን ላላ፣ ሳሉ ለምን በረታ የሚለውን በአንድ ጥያቄ የሚይዝ ግን ልጁን በሙሉ የሚያይ ሐኪም ነው። በሐራ ቆላ ስንት ሕፃን ሪኬትስ አለበት? ፀሐይ አሙቁ የሚለው ምክር ለእናት ቢነገር ይሻላል ወይስ ለአያት? ይህን መርምሮ መልሱን ወደ ነርሷ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ነው ማሠልጠን የምንፈልገው።

ጥር 8

የነርሷ መጽሐፍ ታሪክ ከእኛው ክልል ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃናት ሕመምን አዋሕዶ የማከሙን ሥልጠና መጀመሪያ ከፈተኑባቸው ቦታዎች አንዷ ጎንደር ናት። ከሦስት ጤና ጣቢያዎች የተመረጡ 6 የጤና ሠራተኞች 9 ቀን ሠለጠኑ። ወዲያው ወደየጤና ጣቢያቸው ተመለሱና በጥናቱ ጊዜ የመጡ 449 ሕፃናት ላይ ሥራቸው ተመዘነ፤ እንዴት መረመሩ፣ እንዴት መደቡ፣ ምን አከሙ፣ እናቶችን እንዴት መከሩ። ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ።

ስድስት ሰው ጥቂት ነው። አመዛዘኑ ግን ዛሬ ረቂቃችን የጎደለውን አሳየኝ። ሠልጣኞቹ ሥልጠናውን በወሰዱበት አዳራሽ ጥያቄ ወረቀት ሞልተው አልተሸኙም። ፈታኙ ተነሥቶ እነሱ ወደሚሠሩበት ሄደ። የእኛ ረቂቅ ደግሞ ገምጋሚውን ከማስተማሪያ ሆስፒታሉ ግቢ አያስወጣውም፤ ዲኑን ያነጋግራል፣ ፋይል ያገላብጣል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያያል፣ ይመለሳል።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ መንገዱ በልጆች ተሞልቷል። አዲስ ልብስ፣ አዲስ ጫማ። ሥራዬ ነውና ዓይኔ እግሮቻቸው ላይ ነው። ቀጥ ያለም የተጣመመም አየሁ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥር 12፣ ወልድያ

የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። አሁን በዚሁ አካባቢ የሕፃናት ስፔሻሊስት ነው፤ ፊቱ ላይ የዲዩቲ ድካም አለ። ምሳ እየበላን ስለ ረቂቁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለ፦

"ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ጥያቄስ ሞልቶኛል። ጧት ራውንድ ነኝ፣ ከሰዓት ኦፒዲ፣ ማታ ዲዩቲ። መቼ ልመርምረው? ደግሞ ሁለት ዓመት ተምሬ ስጨርስ ምን ልባል ነው? የልብ ብማር የልብ ሐኪም ነኝ፤ መደቤም ደመወዜም ይለወጣል። ይኼኛውን ብማር ያው የሕፃናት ሐኪም ነኝ።"

ለዚህ ነው ዕውቅና የሚያስፈልገው። ሰዎች ዕውቅና ሲባል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ይመስላቸዋል። ለዚህ ልጅ ግን ዕውቅና ማለት በሳምንት ውስጥ ማንም ለሌላ ሥራ የማይጠራው የምርምር ቀን፣ በስሙ የተመደበ አማካሪ፣ ሲጨርስም ሲቪል ሰርቪሱ የሚያውቀው መደብ ነው። ዕውቅና የሌለው ፕሮግራም ሠልጣኙን ከዎርዱ ሥራ የሚከላከልበት አቅም የለውም። የሰው እጥረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው የምርምር ቀኑ ነው።

የባሰውን የነገረኝ ስንሰነባበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ምን እንደደረሰባቸው አገር ያውቃል፤ ወልድያም ለወራት በጦርነቱ እጅ ነበረች። እሱን ከመሣሪያው ይልቅ የሚቆጨው መዝገቡ ነው። የስንት ዓመት የሕፃናት መዝገብ ተበትኖ ቀረ። አልጋ ይገዛል፤ ባለፈው ዓመት በክረምት ስንት ሕፃን በተቅማጥ እንደገባ የሚናገረው ደብተር ግን ከየትም አይገዛም። ረቂቁ ላይ ስለ መዝገብ አንድ ቃል አለመኖሩ ያን ጊዜ ታየኝ። ማታውኑ ጨመርኩት፦ ፕሮግራሙ ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያና በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሕፃናት መዝገብ በትክክል እንዲያዝ ያግዛል፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ማን ያጽድቀው የሚለው ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። አሜሪካኖች የሄዱበት መንገድ ይጠቅመናል። እዚያ የስፔሻሊስቶችን ሥልጠና የሚመዝነው ትልቁ ምክር ቤት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። አካዳሚክ ጄኔራል ፔዲያትሪክስ ግን የራሱ የቦርድ ፈተና ያለው ሰብ ስፔሻሊቲ ስላልሆነ በምክር ቤቱ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ባለሙያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1960 የተመላላሽ ሕክምና የሕፃናት ሐኪሞች ያቋቋሙት፣ ከ2007 ወዲህም አካዳሚክ ፔዲያትሪክ አሶሲዬሽን የሚባለው ማኅበራቸው ራሱ የዕውቅና ሥርዓት ዘረጋ። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ራሱን ይገመግማል፣ ከዚያ የሙያ አቻዎቹ ያዩታል።

በእኛ አገር የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፣ በ2021 ሥራው ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተሸጋግሯል። ባለሥልጣኑ የትምህርት ተቋምን ይመዝናል፤ የአንድ ፌሎው የምርምር ጥያቄ ብስለት ያለው መሆኑን ግን ከሕፃናት ሐኪም በቀር ማን ያውቃል? ስለዚህ መስፈርቱን የኢትዮጵያ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ያውጣ፣ ግምገማውን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አቻዎች ያካሂዱት፣ ሕጋዊውን ማኅተም ባለሥልጣኑ ይምታ እላለሁ። ማኅበሩ ያለ ባለሥልጣኑ ቢሄድ ተማሪዬ የጠየቀኝ መደብ አይገኝም፤ ባለሥልጣኑ ያለ ማኅበሩ ቢሄድ ደግሞ ወንበርና አልጋ መቁጠር ይሆናል።

ጥር 14፣ መርሳ

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንወርድ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን አለፍን። ከጎኔ የተቀመጠው ገበሬ ስለ ማሽላና ስለ አቀንጭራ ሲያወራ ነበር። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ የሚመጥ አረም ነው፤ ወሎ ውስጥ እርሻ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ገበሬው ስለ ሽልማቱ አያወራም። ዘሩን በራሱ ማሳ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ አቀንጭራ በበዛበት ጥግ ዘርቶ ምን እንዳየ ነው የሚያወራው። "ማዕከሉ ውስጥማ ሁሉም ያምራል" አለኝ።

አዲስ የማሽላ ዘር ከማዕከሉ አጥር ወጥቶ በገበሬ ማሳ ሳይፈተን አይለቀቅም። የሕፃናት ሐኪሞችን መምህር የሚያወጣ ፕሮግራም ከዚህ ያነሰ ፈተና ሊቀርብለት አይገባም። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ዋናውን አንቀጽ ዛሬ ጻፍኩ፦ የግምገማው ቡድን ከቆይታው ቢያንስ ግማሹን የሚያሳልፈው ፌሎዎቹ በሚሠሩበት ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው።

መርሳ ሻይ እየጠጣሁ ስለ አብርሃም ፍሌክስነር አሰብኩ። ዕውቅና ሲነሣ እሱን መዝለል አይቻልም። በ1910 እ.ኤ.አ. የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተዘዋውሮ ካየ በኋላ የጻፈው ዘገባ ደካማዎቹን አዘጋ፤ ሕክምናው በሳይንስ ላይ ቆመ። ግን ጥቁር አሜሪካውያን ከሚማሩባቸው ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ፤ ሃዋርድና ሜሄሪ ብቻ ቀሩ። ጥቁር ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮች ለትውልድ ሐኪም አጡ። መስፈርት በሩን ማጥበቡ አይቀርም፤ በጠበበው በር ማን እንደሚቀርበት አስቀድሞ ማየት የመስፈርት ጸሐፊ ግዴታ ነው።

የእኛ አገር ፈተና በተቃራኒው ነው የጀመረው። በ2012 እ.ኤ.አ. አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና መምህሩ ከኋላ ተፈለገ። ሁለቱንም አልፈልግም። አልጋ ብዛትንና ውድ መሣሪያን መስፈርት ካደረግን ፌሎሺፑ አዲስ አበባ ብቻ ይቀራል፤ ጎንደርም ባሕር ዳርም ደሴም ይቸገራሉ፤ ወልድያማ አይታሰብም። አማካሪን፣ የተጠበቀ ጊዜንና መዝገብን መስፈርት ካደረግን ግን ሁሉም በትጋታቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ጥር 16፣ ሐራ

ዛሬ ቁጥር ላይ ዋልኩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ ከሺህ በሕይወት ከተወለዱ ልጆች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚያልፉት በ2000 እ.ኤ.አ. 166 ነበሩ። በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67፣ በ2019 59 ሆኑ። ይህን ያመጡት ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ክትባቱ፣ የመኝታ አጎበሩ፣ ሳምባ ምችን ጤና ኬላ ድረስ ወርዶ ማከሙ ናቸው። ሁሉም የጄኔራል ፔዲያትሪክስ ሥራ ነው። እንደዚህ ያለ ውጤት ያስገኘ ዘርፍ የራሱ የምርምር ማሠልጠኛ እንዳይኖረው መደረጉ ይከብደኛል።

የጨቅላዎቹ ቁጥር ግን አልታዘዝ ብሏል። በመጀመሪያው ወር የሚያልፉት በ2005 39፣ በ2011 37፣ በ2016 29፣ በ2019 33 ናቸው። በ2016ቱ ዳሰሳ የአማራ ክልል 47 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው። ክልሌ ነው። ይህን ቁጥር ለሬዚደንቶች ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱት ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአምስት ሆስፒታሎች ሌላ ትልቅ ጥናት ሠርተው በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል፤ ጎንደርና ጅማ አሉበት። 4,919 ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። ለሞቱት ዋናው ምክንያት የሳምባ አለመብሰል ነው፣ 45 በመቶ። ኢንፌክሽን ይከተላል፣ 30 በመቶ። ከዚያ መታፈን፣ 14 በመቶ። በ2005 ደግሞ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሕፃናትን ገና ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ በእናት ደረት ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ማሽን አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ታዲያ ከሆስፒታል ውጭ ስንት እናት ትሠራበታለች? ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ውላ ማደር ያለባት አራስ፣ ውኃ ማን ይቅዳላት? እንጨቱን፣ ሊጡን፣ ትልልቆቹን ልጆች ማን ይያዝላት? ለዚህ የጨቅላ ሕፃናት ስፔሻሊስቱ ከዎርዱ ሆኖ መልስ አይሰጥም። ቤቷ የሚሄድ፣ አማቷን የሚያነጋግር፣ ያገኘውን በሥርዓት መዝኖ የሚጽፍ ሐኪም ይፈልጋል።

ጥር 17

ማታ ከባልደረባዬ ጋር በስልክ ተከራከርን። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር እየደጋገምን። የጻፍኩትን አንቀጽ ልኬላት ነበር።

"ፌሎውን ሐራ ላኪውና ከሳምንት በኋላ የጤና ጣቢያው ሐኪም ሆኖ ታገኚዋለሽ" አለችኝ። "ማን ይፈርድበታል? ሕፃኑ በር ላይ እያቃሰተ ዛሬ የምርምር ቀኔ ነው ይበል?"

ትክክል ናት። እኔም በዚያች ክፍል አንድ ረፋድ ተቀምጬ ነው ልጁን የተቀበልኩት። ሐኪም አይቶ አያልፍም። ስለዚህ ሰዓቱን መከፋፈል ያስፈልጋል፤ ፌሎው በሳምንት የተወሰነ ቀን ከነርሷ ጋር ሆኖ ያክማል፣ ያስተምራል፣ በቀሩት ቀናት ግን ተተኪ መኖሩን ፕሮግራሙ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ገምጋሚውም የሥራ ድልድሉን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን የወሩን ውሎ ያያል።

ሁለተኛው ክርክር የጽሑፍ ነገር ነው። በረቂቁ ፌሎው ለመመረቅ ሁለት የታተመ ጥናት ይጠበቅበታል። "ጽሑፍ በቁጥር ከጠየቅን ጽሑፍ በቁጥር ይመጣል" አለች። ወደድኩላት። አንድ ዓይነት መጠይቅ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የሚታተምበት ዘመን ላይ ነን። አንድ ይበቃል አልን። ግን ያ አንዱ ጥያቄው ከቦታው የተነሣ ይሁን፤ ውጤቱም መረጃውን ለሰጡት ጤና ጣቢያና ቀበሌ በአማርኛ ይነገር፤ መነገሩን ገምጋሚው ጠይቆ ያረጋግጥ።

ሦስተኛው ላይ አልተስማማንም። መንገዱ በማያስኬድበት ጊዜ ገምጋሚ እንዴት ይምጣ ትላለች። ጸጥታው እንደሚያስቸግር እኔም አልክድም፤ እዚህ ያሉ ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ነርሷ በየቀኑ የምትመጣበት፣ እናት ልጇን አዝላ የምትመጣበት መንገድ ነው። ካልተቻለ ግምገማው ይዘግይ እንጂ ይህ ክፍል አይሰረዝ አልኳት። በስልክ የሚደረግ ግምገማ አንዴ ከተፈቀደ ለዘላለም በስልክ ይቀራል። ዝም አለች፤ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን ተቆጥታ አላወቅሁም።

ጥር 19

ረቂቁን ጧት ጨረስኩ። የአልጋውን ቁጥር አወጣሁት፤ ቤተ መጻሕፍቱን ወደ አንድ መስመር አሳጠርኩት። የአማካሪው አንቀጽ ረዘመ። አንድ አማካሪ ከሁለት ፌሎ በላይ እንዳይዝ፣ ከፌሎው ጋር በየሳምንቱ እንዲገናኝ፣ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱ ጤና ጣቢያው ድረስ እንዲወርድ ጻፍኩ። አማካሪ ካልወረደ ፌሎው ብቻውን ይወርዳል፤ ብቻውን የወረደ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ተማሪዬ ከማንም በላይ የፈለገው የሚያነጋግረው ሰው ነው።

የምግብ እጥረትና የዕድገት ክትትል የሥልጠናው ግዴታ እንዲሆን አድርጌያለሁ። እዚህ ወሎ ሆኖ ይህን በምርጫ መተው አይቻልም። የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ የሚያስታውሱ አዛውንት አሁንም በዚህ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ የልጅ ክንድ በመለኪያ ክር ሲለካ እንደ ሩቅ ታሪክ አያዩትም።

ጤና ጣቢያውን ልሰናበት ሄጄ ነርሷን አገኘኋት። ልጁ ለቀጠሮው ተመልሷል አለች፤ ትንፋሹ ወርዷል፤ አንጓውን በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በእስክርቢቶ ጽፋዋለች። ከዚያ ወዲህ የምታያቸውን ሕፃናት ሁሉ አንጓ እየዳበሰች ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም። አንድ ወር እንዲህ ብትጽፍ በሐራ የመጀመሪያው የሪኬትስ ቆጠራ ተጀመረ ማለት ነው፤ ፌሎው ሲመጣ ባዶ ገጽ አያገኝም።

ከጤና ጣቢያው ስወጣ አንቀጽ ስድስትን እንደገና ከፈትኩና በግምገማ ቡድኑ ውስጥ ከአቻ ሐኪሞች ጋር በጤና ጣቢያ ደረጃ የሕፃናት ክፍል የምትሠራ ወይም የሚሠራ አንድ ባለሙያ በድምፅ እንዲቀመጥ ጨመርኩ። ፕሮፌሰሮች ላይ ነርስ ትፍረድ ወይ የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፌሎው ለክፍሏ ምን እንዳመጣላት ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይህን አንቀጽ አልለውጥም ብዬ ለባልደረባዬ ጻፍኩላት። የገምጋሚዎቹን የጉዞ ወጪ ከማን በጀት እንደምናወጣው ግን ገና አልተስማማንም፤ አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የምንነጋገረው እሱን ነው።